አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ከተማ

ልጅ እናቱን ለማየት መፍቀዱ በጽሑፍ ሲደርስ እልል ይባላል ወይስ ይለቀሳል? ማስተዋል መልሱን አላወቀችውም። መልእክቱ በአክስቷ በእትዬ ኤልዳና የእጅ አንጓ ላይ በታሰረው መሣሪያ በርቶ ነበር፤ ሁለት መስመር ብቻ። «የላይደን ነዋሪ የሆኑት አቶ ዘርዓብሩክ ቤታቸው በድምፅ ጉዞዎ ላይ እንዲካተት ፈቅደዋል። ፈቃዱ ለአንድ ጉብኝት ያገለግላል።» እትዬ ኤልዳና መጀመሪያ እልል አሉ። ጎረቤት መስኮቱን ከፍቶ ምን ተገኘ እስኪል ድረስ እልል አሉ። ከዚያ ተቀመጡና መልእክቱን እንደገና አስነበቡ።

«አቶ? ቤታቸው?» አሉ። «ማነው ብሩኬን አንቱ ያለው?»

ብሩኬ የሚሉት አንድ ልጃቸውን ነው። ለትምህርት ብሎ ከደሴ ወደ ላይደን፣ ፈረንጅ አገር ሄደ። ትምህርቱ ሲያልቅ ሥራ አገኘሁ አለ፤ ሥራው ሲረጋ የመኖሪያ ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው አለ፤ ፈቃዱ ሲገኝ ደግሞ ምንም ሳይል ቀረ። አባቱ ሲሞት ለቅሶ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚደዋወሉት በበዓል ብቻ ሆነ። እሱ የፈረንጅ በዓል ሲሆን ይደውላል፣ እሳቸው የሐበሻ በዓል ሲሆን ይደውላሉ፤ አንዱ ደስ ብሎት ሲደውል ሌላው ሥራ ላይ ነው። እትዬ ኤልዳና ሰባን አልፈዋል። ከእግዜር የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይሞቱ ቤቱ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ዓይኑን ማየት።

ላይደን ደግሞ ሄደው በር የሚያንኳኩባት ከተማ አይደለችም። ድሮ ጎብኚ እንደ አንበጣ በወረደባት ዘመን ነዋሪው ተማረረና ደንብ ወጣ። አሁን ጎብኚ ሁሉ በጆሮው በሚናገር ድምፅ እየተመራ ብቻውን ይጓዛል፤ አጃቢ ያስፈቀደም ካለ ከአጃቢው ጋር። ድምፁ ለእያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ይሰጠዋል፤ ሁለት ጎብኚ አንድ ድልድይ ላይ አይገናኝም፣ ጎብኚና ነዋሪም ካልተፈቃቀዱ አይተያዩም። ከሁሉም የሚከብደው ግን የአንድ ጥያቄ ደንብ ነው። በላይደን ሰው ስለ አንድ ነገር የሚጠየቀው አንድ ጊዜ ነው። የመለሰው መልስ፣ መልስ ነው። ደግሞ መጠየቅ መወትወት ይባላል፤ መወትወት ደግሞ የሰው ኪስ ውስጥ እጅ ከመክተት ተለይቶ አይታይም።

ማስተዋል ይህን በደንብ ታውቃለች። ወጣትነቷን ላይደን ተምራ የተመለሰች ናት፤ ተመልሳም ልቧ አልረጋም። ደሴ ላይ ሰው ቤት ገብታ ጠግቤያለሁ ስትል የሚያምናት የለም። አይ ማለት አይ ነው ብላ ስትከራከር ዘመድ አዝማዱ ይስቅና ሳህኑን ይሞላዋል። ያኔ ላይደን ትናፍቃታለች። ላይደን ስትናፍቃት ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ይላታል። ተማሪ ሳለች ትኩሳት ጥሏት፣ ፊት ለፊቷ የምትኖር ሴት በሯን ገርበብ አድርጋ የሚያስፈልግሽ ነገር አለ ወይ አለቻት። ማስተዋል አፏ እንደ ለመደው፣ ኧረ ምንም፣ አትቸገሪ ብላ መለሰች። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ በሩን በእርጋታ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው የለም፤ ትኩሳቱ ሲበቃው በራሱ ጊዜ ሄደ።

ይህን ታሪክ ጉዞው ሲቃረብ ለእትዬ ኤልዳና ነገረቻቸው። አረመኔ ናት አሉ። ማስተዋል፣ አይደለችም፣ ቃሌን አምና ነው አለች። እትዬ ኤልዳና ይህኛውን ከአረመኔነት አስበልጠው ፈሩት።

ስለዚህ ልምምድ ተጀመረ። ማስተዋል ትጠይቃለች፣ እትዬ ኤልዳና እሺ ይላሉ። ሻይ ይጠጣሉ? እሺ። ይቀመጣሉ? እሺ። ይገባሉ? እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይሰናከላሉ። «ኧረ እዚሁ ይበቃኛል» የምትለው ቃል ታመልጣቸውና አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። በመጀመሪያው ጥሪ የሰው ደጃፍ ዘሎ መግባት ለሳቸው ጠላ ቤት እንደ መግባት ነው፤ ሰው አየኝ አላየኝ የሚያሰኝ ነገር።

ከኡትሬክት ከተማ ወደ ላይደን በሚነሳው ጀልባ ላይ ልምምዱ ወደ ፈተና ተለወጠ። በራሱ የሚሄድ ትንሽ ጋሪ የአተር ሾርባ ጭኖ አጠገባቸው ቆመና በጥሩ አማርኛ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ ኤልዳና፣ ይቅርብኝ የኔ ልጅ አሉት። ጋሪው አመስግኖ ሄደ። እስከ ጀልባው ጫፍ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። ይመለሳል አሉ። አልተመለሰም፤ ሽታው ግን መንገዱን ሁሉ አብሯቸው ተጓዘ። ሌላ ጋሪ ሻይ ይዞ ብቅ ሲል ገና ምንም ሳይናገር «እሺ፣ እሺ ብያለሁ» አሉና የማስተዋልን ጎን በክርናቸው ጎሸም አድርገው ሳቁ። ፈተናውን ያለፉ መሰላቸው። ማስተዋልም መሰላት።

ላይደን ከሩቅ ስትታይ ጎድጓዳ ሳህን ትመስላለች። ውኃው ከውጭ እስከ ግንቡ ትከሻ ደርሷል፤ ቤቶቹ ከውኃው በታች ናቸው። ጀልባው በሁለት የብረት በር መካከል ቆሞ፣ በአሳንሰር እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ውኃው ላይ፣ ሰዉ ታች» አሉ እትዬ ኤልዳና። «እንዲህ ሆነው ነው መጋረጃ አያስፈልገንም የሚሉት?»

የመጋረጃ ነገር የማይለቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ ላይ መጋረጃ ሲሰፉ ኖረዋል። ፒያሳ ካሉት መስኮቶች ስንቱን እሳቸው እንዳለበሱት አይታወቅም። እዚህ አገር መስኮት ራቁቱን ያድራል ተብሎ ሲነገራቸው ማስተዋል የቀለደች መስሏቸው ነበር።

በከተማው መግቢያ በር ላይ ሰው የለም። በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ሁለት የጆሮ ማዳመጫዎች ተቀምጠዋል፤ ነጩ የእትዬ ኤልዳና፣ ግራጫው የማስተዋል። ግራጫው የአጃቢ ነው። አጃቢ ይሰማል፣ ይናገራል፣ መልሱ ግን አይቆጠርም።

«እንኳን ወደ ላይደን በሰላም መጡ፣ ወይዘሮ ኤልዳና» አለ ድምፁ። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ቃል የማይውጥ። «ዛሬ አብሬዎት እጓዛለሁ። እንጀምር?»

እሺ አሉ። ወዲያው ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። የማንም እንዳልሆነ ነገራቸው። ምስኪን አሉና ትንሽ አዘኑለት፤ አነጋገሩ ቅዳሴ ስለመሰላቸውም ከዚያ ወዲያ ዲያቆን እያሉ ጠሩት። ድምፁ አልተቃወመም።

ጠዋቱ ብሩህ ነበር። ራፐንቡርግ በሚባለው የውኃ ቦይ ዳርና ዳር ረጃጅም ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ፊት ዘንበል ብለው የቆሙት ጎረቤታቸውን ሊያሙ የፈለጉ ያስመስላቸዋል። ድምፁ ዘንበል ያሉት ድሮ ዕቃ በገመድ ሲጎተት ግድግዳ እንዳይነካ ተብሎ መሆኑን አስረዳ። እትዬ ኤልዳና የሳቸው ይሻላል አሉ። መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር ዳክዬና ድመት ብቻ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሲኒ እንፋሎቱ አልበረደም። ግድግዳ የተደገፈ ብስክሌት የኋላ ጎማው ገና እየዞረ ነው። ከተማው ሞልቷል፤ ግን ሁልጊዜ አሁን ከዚህ የሄደ ይመስላል።

«እባክዎ እዚህ ጋ ለአፍታ ቆም ይበሉና በግራዎ ያለውን የጡብ ሥራ ያድንቁ» ይላል ድምፁ።

እትዬ ኤልዳና ይቆማሉ፣ ያደንቃሉ። ማስተዋል ግን ነገሩን ታውቀዋለች። ጡቡ ሰበብ ነው፤ ከማዕዘኑ ወዲያ ሌላ ሰው እያለፈ ነው፤ አልፎ እስኪሄድ ነው። ለአክስቷ አልነገረቻቸውም። እሳቸው ግን አንዱን ጡብ ከሌላው እያስተያዩ ቆይተው በመጨረሻ፣ ዲያቆን፣ ይሄ ከቅድሙ በምን ይሻላል ብለው ጠየቁ። ድምፁ ብዙም እንደማይሻል አመነ።

መስኮቶቹ በእርግጥም ራቁታቸውን ነበሩ። በአንዱ ውስጥ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ የተከፈተ መጽሐፍ። በሌላው ውስጥ ያልተነጠፈ አልጋ። እትዬ ኤልዳና የመስኮቱን ስፋት በዓይናቸው እየለኩ፣ ለዚህኛው ወፈር ያለ ጥጥ፣ ለዚያኛው ስስ ነጭ እያሉ ከተማውን በሐሳባቸው ሲያለብሱ ሄዱ። ማስተዋል በድሮ ክፍሏ ሥር ስታልፍ ቀና ብላ መስኮቱን አየችው። ያ ጸጥታ ስንት ጊዜ አሳርፏት ነበር። ማንም የማያንኳኳበት፣ ማንም ብዪ የማይልበት፣ አይ ስትል አይ የሚሆንበት ቤት። ዘርዓብሩክ እዚህ የቀረው እናቱን ጠልቶ ላይሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ የመጣባት ያን ጊዜ ነው። ምናልባት ዕረፍት ጥሞት ይሆናል።

በከተማው መካከል ቡርኽት የሚሉት ክብ የድንጋይ ምሽግ አለ፤ ሰው ሠራሽ ጉብታ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ኤልዳና የማስተዋልን ክንድ ይዘው ወጡትና ላዩ ላይ ተቀመጡ። ድምፁ የጥንቱን ከበባ ተረከላቸው። የስፔን ጦር ከተማዋን ከቧት ሕዝቡ በረሃብ ሲረግፍ፣ ወገኖቻቸው ግድቡን አፍርሰው ባሕሩን በእርሻቸው ላይ ለቀቁት፤ በጎርፉ ላይም ጀልባ እየቀዘፉ ዓሣና ነጭ ዳቦ ይዘው ደረሱ። እትዬ ኤልዳና በጥሞና አዳመጡ።

«ዳቦውን ሲያመጡላቸው» አሉ፣ «ትፈልጋላችሁ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር?»

ድምፁ ይህ በታሪክ ምንጮች ውስጥ እንደማይገኝ ተናገረ።

«አይገኝማ። የተራበ ሰው ይጎርሳል እንጂ አይጠየቅም። ያኔ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ማስተዋል ዞሩ። በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ነገሯት። ብሩኬ ያያቸዋል። ባዶ እግሩን ዘሎ ይወጣል። ክንዳቸውን ይዞ፣ አፈር ስሆን እማዬ፣ ግቢ ይላል። እሳቸው ትንሽ እምቢ ይላሉ። እሱ ይጎትታቸዋል።

ማስተዋል ደነገጠች። «እምቢ አይበሉ እንጂ፣ እትዬ። ይኼን ሁሉ የተለማመድነው ለምን ሆነና?»

«ትንሽ ነው ያልኩሽ» አሉ። «ለወጉ። የራሴ ልጅ ቤት እንደ ለማኝ ልግባ?»

እሷም ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ የጋሪውን ሾርባ አስታወሰቻቸው። በመጨረሻ እጃቸውን አንስተው፣ እሺ፣ እሺ እላለሁ፣ በቃ አሉ። ምለው ነበር ማለት ይቻላል።

ድምፁ በጠባብ መተላለፊያ አዙሮ ወደ አንድ ግቢ አስገባቸው። እንዲህ ያለውን ግቢ ሆፍየ ይሉታል። የድሮ ባለጸጋ ለነፍሱ እንዲጸልዩለት ብሎ ለደሃ አሮጊቶች የሚሠራው፣ በአንድ ጓሮ ዙሪያ የተደረደሩ ትናንሽ ቤቶች ናቸው። እትዬ ኤልዳና ይህኛውን ወዲያው ወደዱት። ሰውዬው ተዝካሩን በቁሙ በቤት አውጥቷል አሉ። በመካከሉ የእጅ ውኃ መሳቢያ፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባቸው አረንጓዴ በሮች። ከበሮቹ አጠገብ ራቁት መስኮቶች። ከሁሉም መካከል አንድ መስኮት ብቻ መጋረጃ ነበረው።

ቀይ ነው፤ ርካሽ ጨርቅ። ተንጋዶ ተሰቅሏል፤ ጠርዙም ስላልታጠፈ ክሩ ተንጠልጥሏል። እትዬ ኤልዳና ቆሙ። ማንም ሳይነግራቸው የማን ቤት እንደሆነ አወቁ።

«ጠርዙን ሳያጥፈው» አሉ በሹክሹክታ። «አሳይቼው ነበርኮ።»

«ወይዘሮ ኤልዳና» አለ ድምፁ፣ ጡብ ሲያስደንቅ በነበረበት በዚያው ለዛ። «በዚህ ቤት የሚኖሩት ሰው በራቸውን ሊከፍቱ ፈቅደዋል። መግባት ይፈልጋሉ?»

እትዬ ኤልዳና አፋቸውን ከፈቱ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጥላ ተንቀሳቀሰ፤ ረጅም ነው፣ የአባቱ ትከሻ አለው። ቆሟል። እያየ ነው። እያየ፣ እናቱን በሰው አፍ ያስጠይቃል። አገጫቸው ቀና አለ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት።

«ኧረ ምን በወጣው» አሉ። «እንዲያው በደጅ ሳልፍ ነው። አላስቸግርም።»

«ተረድቻለሁ» አለ ድምፁ። «መልስዎ ተከብሯል። ጉዞው በግራ በኩል ይቀጥላል፤ እዚያ ጥንታዊ የውኃ መሳቢያ ያገኛሉ።»

ማስተዋል፣ እሺ ይበሉ፣ አሁኑኑ እሺ ይበሉ አለቻቸው። እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት። «ቆዪ» አሉ። «ገና ነው።» ሁለተኛውን ጥሪ እየጠበቁ ነበር። ፊታቸው ላይ ያለው ፈገግታ የሰርግ ቤት ፈገግታ ነው፤ ሊጎተት የተዘጋጀ ሰው ፈገግታ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ጥላ ጭንቅላቱን ደፋ አደረገ። ከዚያ ሄደ። የክፍሉ መብራት ጠፋ።

«ሰማ?» አሉ እትዬ ኤልዳና።

«ተነግሯቸዋል» አለ ድምፁ።

«ምን ተብሎ?»

«ጎብኚዋ መግባት አልፈለጉም ተብሎ።»

«ያልኩትን ንገረው እንጂ፣ ዲያቆን። አላስቸግርም ነው ያልኩት። እንዲያ ብትለው ይገባዋል፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት።»

ድምፁ ለነዋሪ የሚተላለፈው መልሱ እንጂ አነጋገሩ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳ። ማስተዋል ጣልቃ ገባች። በእኛ አገር የመጀመሪያው አይ በር መክፈቻ ነው አለችው፤ ሰው ሦስቴ ሳይጠየቅ እሺ አይልም፤ ይህን ሳታውቅ እንዴት በአማርኛ ትጠይቃለህ። ለአጃቢ የሚሰጠው መልስ አጭር ነበር።

«አውቀዋለሁ፣ ወይዘሪት ማስተዋል። አማርኛን ስማር አብሬ ተምሬዋለሁ። በዚህ ከተማ ግን አይሠራም።»

እትዬ ኤልዳና እንግዲያው እሺ፣ እገባለሁ አሉ። ሁለቴ ደጋግመው አሉ፤ የመጨረሻዋ እሺ ልምምድ ላይ ከነበሩት ሁሉ ያማረች ነበረች። ድምፁ አመሰገናቸው። ጥያቄው ግን ተዘግቷል፤ ነዋሪው ደግመው ከጋበዙ በዚያው ቅጽበት ያሳውቃል፤ እሱ ራሱ ነዋሪውን ሄዶ ይጋብዙ ቢላቸው መወትወት ይሆናል።

ከዚያ የቀረው በሩ ነው። ማስተዋል ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። ቁልፍም ደወልም የለው፤ እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ ይንኳኳል። እጇን አነሳች። ምናልባት ከበሩ ወዲያ ያለው ሰው ተገላገልኩ ብሎ በረጅሙ ተንፍሷል፤ እሷ ራሷ በዚህ ከተማ እንዲያ የተነፈሰችባቸው ቀናት ነበሩ። ምናልባትም ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቋ እስኪል እየጠበቀ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማንኳኳት ነበረባት። ለማንኳኳት ደግሞ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነበረባት። እጇ አየር ላይ ቆየና ወረደ።

እትዬ ኤልዳና አይተዋታል። «አንቺም ከነሱ ወገን ነሽ» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እንደሚያስታውቅ ሰው ነው ያሉት።

«እርስዎስ ለምን አያንኳኩም?»

«እኔ እናት ነኝ» አሉ። «ለእናት ይከፈትላታል።»

እናም አንዷ ኩሩ፣ አንዷ ተጠራጣሪ፣ ሁለት ሴቶች አንድ የእንጨት በር ፊት ቆመው ዋሉ ማለት ይቀላል። ድምፁ አልቸኮለም። ጽጌረዳዎቹ የተተከሉበትን ዘመን ነገራቸው።

በመጨረሻ ከግቢው ወጥተው ጠባቡን መተላለፊያ ሲጨርሱ ድምፁ፣ እባክዎ ለአፍታ ቆም ይበሉና በቀኝዎ ያለውን የጡብ ሥራ ያድንቁ አለ። ማስተዋል ክው አለች። ከግድግዳው ወዲያ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ከግቢው በኩል ነው የሚመጣው። ኮቴው ቀረበ። እነሱ በቆሙበት ትይዩ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ቆመም መሰለ። እትዬ ኤልዳና መዳፋቸውን ጡቡ ላይ አሳረፉ።

«ማነው የሚያልፈው?» አሉ። ለካ እሳቸውም ያውቁ ኖሯል።

«ነዋሪ» አለ ድምፁ።

«የማን ልጅ?»

ይህን መናገር አይፈቀድለትም። ኮቴው እንደገና ተነሳ፣ ራቀ፣ በደወል ድምፅ ተዋጠ። ድምፁ ጡቡ በእጅ የተቀረጸ መሆኑን ጨምሮ ነገራቸው። እትዬ ኤልዳና፣ ጥሩ ጡብ ነው አሉ።

በመውጫው በር ላይ ማዳመጫዎቹን ከመመለሳቸው በፊት ድምፁ አንድ የመጨረሻ ነገር ነበረው። በሩን ሊከፍት ለፈቀደ ነዋሪ፣ ሳይገባ የቀረ ጎብኚም እንኳ አንድ መልእክት መተው ይችላል። አንድ ብቻ። መተው ይፈልጋሉ?

«እሺ» አሉ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ማስተዋል ምን ማለት እንዳለባቸው ልትነግራቸው ሞከረች። አይ ያልኩት እሺ ለማለት ነው ይበሉት፤ እንዳልገባሁ አትቁጠረው፤ እንደገና ጋብዘኝ። እትዬ ኤልዳና ሰሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅን እናቱ ግቢ በለኝ ብላ አትለምነውም። ውኃው ዳር ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ መጋረጃ ከመቁረጣቸው በፊት እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ፤ ከዚያ ሳያቋርጡ ተናገሩት። ማስተዋል በግራጫው ማዳመጫ ሰማች። በመካከሉ ፊቷን ወደ ቦዩ አዞረች።

ድምፁ መልእክቱ ድግግሞሽ እንዳለበት ጠቆመ። አሳጥሮ ይላከው?

«አይ» አሉ እትዬ ኤልዳና።

ድምፁ አመናቸው። መልእክቱ ሄደ።

ጀልባው ላይ የአተር ሾርባ ጋሪ መጣ፤ እሺ ብለው ተቀበሉና ሳይቀምሱት በረደ። ኡትሬክት ሳይደርሱ አንጓቸው ላይ አንድ ቃል በራች፤ ተነቧል ትላለች። ማስተዋል ክንዳቸውን ያዘቻቸው። ቃሏ ጠፋች፤ ሌላ አልተከተላትም። በደሴ ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ የፈረንጁም የሐበሻውም በዓል አለፈ፤ እሱ አልደወለም፣ እሳቸውም መልሱን እየጠበቁ አልደወሉም። መልስ አልመጣም። ሁለተኛ መልእክት ደንቡ አይቀበልም። የሄደው ይህ ብቻ ነው፦

«ብሩኬ፣ እናትህ ነኝ። ደሴ ና።

አይ እማዬ፣ ሥራ አለብኝ ትላለህ። ና እንጂ፤ ሥራ የት ይሄዳል።

አይ፣ ላስቸግርሽ አልፈልግም ትላለህ። ምን ችግር አለ፤ በሞቴ ና። አልጋህ ተነጥፏል።

አሁንም አይ ትላለህ። አፈር ስሆን ልጄ፣ ና።

ይኸው ሦስቴ ጠየቅሁህ። ከእንግዲህ እሺ ብትል ነውር የለውም።»